«ይሄም ይከበራል?»፦ በአዋቂነት ዋና ለጀመራችሁ፣ የራስን ውጤት መዝግቦ የማክበር መመሪያ

«ዛሬ 25 ሜትር ሳልቆም ዋኘሁ። ልጆች ግን ይሄን ቶሎ ነው የሚችሉት። ይሄም ይከበራል?»

ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ወር የለም። አንዱ በ38 ዓመቱ የጀመረ ነው፣ ሌላዋ ጡረታ ከወጣች በኋላ። ጥያቄው ግን ያው ነው። መልሴም ያው ነው፦ አዎ፣ ይከበራል። ለማክበር ግን መጀመሪያ በደንብ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ልጅ ዋና ሲማር አሰልጣኙ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ሰርተፊኬት ይጽፍለታል፣ ወላጅ ዳር ቆሞ ያጨበጭብለታል። ትልቅ ሰው ከሥራ ወጥቶ ይዋኛል፣ ፀጉሩን አድርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «አይቼሃለሁ» የሚለው የለም። የዋና ለውጥ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ስለሚመጣ ዋናተኛው ራሱ አያየውም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ይህን ለውጥ እንድታዩትና ሳታልፉት እንድትቆሙበት የሚረዳ ነው።

አንድ ቃል እንስማማ። «ጉዞ» ስል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንዴ መሄድ ማለቴ ነው። ሄዶ መመለስ «ምልልስ» ነው። በ25 ሜትር ገንዳ 10 ጉዞ 250 ሜትር ነው፣ 10 ምልልስ 500። ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ብዙ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትንሽ ደብተርና እርሳስ። እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ በእስክሪብቶ ነበር የምጽፈው። አንድ ቀን ከፀጉሬ የተንጠባጠበ ውኃ ገጹ ላይ አረፈና የአንድ ሳምንት ሰዓቶቼ ሰማያዊ ኩሬ ሆኑ። እርሳስ ቢረጥብም አይፈስም።
- ደብተሩን የምትይዙበት፣ አፉ የሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት።
- ሰዓት። የገንዳው ግድግዳ ላይ ሰከንድ የሚያሳይ ትልቅ ሰዓት ካለ ይበቃል። ውኃ የማያስገባ የእጅ ሰዓት ካላችሁ እሰየው።
- ለመለኪያ ቀን ብቻ፣ ዳር ቆሞ ጉዞ የሚቆጥርላችሁ አንድ ሰው።
- የገንዳው ትክክለኛ ርዝመት። ዕቃ አይደለም፣ ግን ከሁሉም ይቀድማል።

ስለ መጨረሻው ትንሽ ልበል። የመጀመሪያ 1,000 ሜትሬን 40 ጉዞ ቆጥሬ በደስታ ነበር የጨረስኩት። ለወዳጆቼ ሁሉ ደወልኩ። ከሳምንት በኋላ የገንዳውን ሠራተኛ ስጠይቀው «ይሄ እኮ 20 ሜትር ነው» አለኝ። የዋኘሁት 800 ሜትር ነበር። ድካሜ ከንቱ አልነበረም፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ ስደውል እንዴት እንዳፈርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ገንዳ ሁሉ 25 ወይም 50 ሜትር አይደለም። 25 ያርድ የሆነም አለ፣ እሱም 22.86 ሜትር ነው። ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ መነሻችሁን ጻፉ

ቀን ጻፉ። ከሥሩ ዛሬ የምትችሉትን፣ የማትችሉትንና የሚያስፈራችሁን ጻፉ። ቁጥር ባለበት ቁጥር ይሁን፦ ስንት ጉዞ ሳትቆሙ፣ ስንት ሰከንድ ተንሳፋችሁ፣ በስንት ቀዘፋ ተሻገራችሁ።

ፍርሃቱን አትዝለሉት። ሰው አንድን ነገር ከቻለ በኋላ ፈርቶት እንደነበር ይረሳል። አብረውኝ የሚዋኙ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት አሉ። የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ፊቴን ውኃ ውስጥ ስከት ልቤ ይመታል። ጠርዙን ለቅቄ 3 ሰከንድ።» ከወራት በኋላ አንድ ማታ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው «እኔ እንደሆነ ምንም አልተሻሻልኩም» አሉኝ። ያን ዕለት 6 ጉዞ ዋኝተዋል። ደብተራቸውን አስከፈትኳቸው። አነበቡት፣ እንደገና አነበቡት። «ኧረ! ይሄን እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

ለዚህ ነው መነሻ የሚያስፈልገው። ከትናንት ጋር ብቻ ከተነጻጸራችሁ ሁሌም ባላችሁበት የቆማችሁ ይመስላችኋል።

ደረጃ 2፦ ምን እንደሚቆጠር ቀድማችሁ ወስኑ

ውኃ ውስጥ ሳትገቡ በፊት ይሄን ከቻልኩ አከብራለሁ ብላችሁ ጻፉ። ከዋኛችሁ በኋላ ስትወስኑ አእምሮ ክርክር ያነሳል፦ «ችያለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው። ችያለሁ፣ ግን መሀል ላይ ተንፍሻለሁ።» ቀድሞ የተጻፈ ነገር ግን አይከራከርም።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ምረጡ፦

*ድፍረት።* ፊት ውኃ ውስጥ ከትቶ አረፋ እያወጡ መተንፈስ። በጀርባ 10 ሰከንድ መንሳፈፍ። እግር በማይደርስበት ቦታ ባሉበት 1 ደቂቃ መቆየት። ለጀማሪ ከሁሉም በፊት የሚመጣው ይህ ነው። ሰውነት ፈርቶ ሲጨመደድ ይሰምጣል፣ ትንፋሽም ያጥራል።

*ርቀት።* የመጀመሪያዋ ሙሉ ጉዞ፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 400 ሜትር። የተጠራቀመ ርቀትም ይቆጠራል። የማራቶን ርቀት 42.195 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ25 ሜትር ገንዳ 1,688 ጉዞ ገደማ። በሳምንት ሁለት ጊዜ 40፣ 40 ጉዞ የሚዋኝ ሰው በ22ኛው ሳምንት ይጨርሰዋል። በአንድ ቀን 42 ኪሎ ሜትር የማይሞከር ነው። በአምስት ወር ግን ደብተር ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል።

*ቅልጥፍና።* ያንኑ ርቀት በትንሽ ቀዘፋ መሄድ። እንዴት እንደሚለካ ደረጃ 3 ላይ አለ።

*ሰዓት።* ይህን ቢያንስ 200 ሜትር ሳትቆሙ መዋኘት እስክትችሉ አቆዩት። ከዚያ በፊት ለፍጥነት የሚጣደፍ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ጭንቅላቱን ያነሳል፣ እግሩ ይወርዳል። መጥፎ ልማድ በዚህ መንገድ ነው የሚገባው።

*አለመቅረት።* በወር ውስጥ ካቀዳችሁት 8 ቀን 8ቱንም መገኘት። ቀላል ይመስላል። ከሥራ ደክሞ ወጥቶ ቦርሳ ይዞ መሄድን የሞከረ ያውቀዋል።

«አጠገቤ ካለው ሰውዬ መፍጠን» የሚል ግብ ግን አትጻፉ። ሰውዬው 15 ዓመት የዋኘ ሊሆን ይችላል፣ ነገ ደግሞ ላይመጣ ይችላል። መለኪያው በእጃችሁ ያለ ነገር ይሁን።

ደረጃ 3፦ የመለኪያ ቀን ያዙ

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ ይበቃል። በየቀኑ ብትለኩ የምታዩት ለውጡን አይደለም። እንቅልፋችሁን፣ የገንዳውን መጨናነቅ፣ የቀኑን ድካም ነው። ከመለኪያው በፊት ያለውን ቀን ዕረፉ፣ ወይም ቀለል አድርጋችሁ ዋኙ።

1. ያንኑ ገንዳ፣ ከተቻለ በዚያው ሰዓት ተጠቀሙ። የ25 ሜትር ገንዳ ውጤት ከ50 ሜትር ገንዳ ውጤት ጋር አይነጻጸርም። በአጭሩ ገንዳ ብዙ ጊዜ ስለምትዞሩና ግድግዳውን ስለምትገፉ ሰዓቱ ፈጣን ይሆናል።

2. ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ያልሞቀ ትከሻ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፣ የመጀመሪያው 100 ሜትር ይበላሽባችኋል።

3. ሁልጊዜ ግድግዳ ገፍታችሁ ተነሱ። አንድ ቀን ከላይ ዘላችሁ፣ ሌላ ቀን ገፍታችሁ ከተነሳችሁ ልዩነቱ ከዋናው ሳይሆን ከአነሳሱ ይመጣል።

4. 400 ሜትር ዋኙ፣ ሰዓቱን ያዙ። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል ዕረፉ ወይም ቀስ ብላችሁ ተንሳፈፉ። ቀጥሎ 200 ሜትር ዋኙ፣ ሰዓቱን ያዙ። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው በምትዘልቁት ከፍተኛ ፍጥነት ነው።

5. የ200ውን ሰዓት ከ400ው ቀንሱ፣ የቀረውን ለሁለት አካፍሉ። የሚወጣው በረጅም ርቀት ልትይዙት የምትችሉት የ100 ሜትር ፔስ፣ ማለትም እያንዳንዱ 100 ሜትር የሚፈጅባችሁ ጊዜ ነው። ለምሳሌ 400ውን በ12 ደቂቃ፣ 200ውን በ5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ብትዋኙ ልዩነቱ 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ግማሹ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። በሚቀጥለው መለኪያ 400ው 11 ደቂቃ ከ20፣ 200ው 5 ደቂቃ ከ20 ቢሆን ፔሱ ልክ 3 ደቂቃ ይወጣል። በየ100 ሜትሩ 10 ሰከንድ ወረደ ማለት ነው። ይህ ቀይ የሚሰመርበት ቀን ነው።

6. ለቅልጥፍና ደግሞ አንድ ጉዞ በተለመደው ፍጥነታችሁ ሂዱ። እያንዳንዱ እጅ ውኃ ሲገባ ቁጠሩ፣ ሰከንዱንም ያዙ፣ ሁለቱን ደምሩ። 28 ቀዘፋና 38 ሰከንድ 66 ይሆናል። ከወር በኋላ በ24 ቀዘፋ በዚያው 38 ሰከንድ ከደረሳችሁ 62። ሰዓቱ ምንም ለውጥ አላሳየም፣ እናንተ ግን ውኃውን በተሻለ እየያዛችሁ ነው። ሰከንዱ ለምን ይደመራል? ቀዘፋ ብቻ ብትቆጥሩ እጅን ዘርግቶ ተኝቶ በመቆየት ቁጥሩን ማውረድ ይቻላል። ያ ማዝገም ነው እንጂ መሻሻል አይደለም።

400 ሜትር ገና ከሆነባችሁ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ዕረፍት እየወሰዳችሁ ስንት ጉዞ እንደሄዳችሁ ቁጠሩ። ስንቴ እንደቆማችሁም ጻፉ። 8 ጉዞ በ7 ዕረፍትና 8 ጉዞ በ3 ዕረፍት አንድ አይደሉም።

ከቁጥሩ ጎን የነበረውን ሁኔታ አስቀምጡ፦ የእግር ፊን፣ በእግር መሀል የሚያዝ ተንሳፋፊ ወይም ወፍራም የዋና ልብስ ተጠቅማችሁ ከሆነ ይጻፍ። ሦስቱም ያግዛሉ። ካልተጻፈ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ምንም ዕርዳታ ስትዋኙ የወረዳችሁ ይመስላችኋል።

ደረጃ 4፦ ሲሳካ፣ ከውኃ ሳትወጡ ቁሙ

ጠርዙን ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ቁሙ። ሰዓቱን እዩ። ወደ ተነሳችሁበት ግድግዳ ዞር ብላችሁ ርቀቱን ተመልከቱ። ትንፋሻችሁ ይመለስ። «ቻልኩ» ማለት ካማራችሁ በሉ፣ መነጽር ባጠለቀ ሰው ማንም አይገረምም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እስቲ አንድ ልጨምር» ብሎ ይነሳል። የተጨመረችው ጉዞ በድካም ስለምትሄድ ትበላሻለች፣ ከቀኑ የሚታወሰውም እሷው ትሆናለች። የቀረ ልምምድ ካለ ከደቂቃዋ በኋላ ቀለል አድርጋችሁ ጨርሱ።

ከዚያ ልብስ ሳትቀይሩ ጻፉ። 11 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ቤት ሲደርስ «11 ተኩል አካባቢ» ይሆናል። በሚቀጥለው ወር 11 ከ35 ስትዋኙ የተሻሻላችሁ ሳይሆን የወረዳችሁ ይመስላል።

ደረጃ 5፦ በልኩ አክብሩ

ሁሉን በድግስ ብታከብሩ ትልቁ ቀን ሲመጣ ምን ትጨምራላችሁ? ሁሉን ዝም ብላችሁ ካለፋችሁ ደግሞ ለምን እንደምትለፉ ይጠፋችኋል።

ለትንሹ፣ ለምሳሌ የቀዘፋ ቁጥር በሁለት ሲወርድ፣ ደብተሩ ላይ በቀይ አስምሩና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት።

ለመካከለኛው፣ እንደ መጀመሪያ 400 ሜትር ላለው፣ ውኃ ውስጥ የሚያገለግል ነገር ለራሳችሁ ግዙ። ጉም የማይዝ አዲስ መነጽር፣ አዲስ ኮፍያ። በገባችሁ ቁጥር ያን ቀን ያስታውሳችኋል። አሮጌው ኮፍያ ላይ ቀኑን ጽፎ ማስቀመጥም ጥሩ ነው።

ለትልቁ ቀን ዋናውን ራሱን በዓል አድርጉት። ብዙ ዋናተኛ በልደቱ ቀን የዕድሜውን ቁጥር ያህል ጉዞ ይዋኛል። 40 ዓመት ለሞላው፣ በ25 ሜትር ገንዳ ልክ 1,000 ሜትር ነው። እስከዛሬ ከ300 ሜትር በላይ ሄዳችሁ የማታውቁ ከሆነ በአንድ ትንፋሽ አትሞክሩት። በየጉዞው እያረፋችሁ፣ ወይም ከጓደኛ ጋር ተካፍላችሁ ጨርሱ። ርቀት ድንገት ሲዘል ቀድሞ የሚከፍለው ትከሻ ነው።

ውድድርም አለ። የዓለም የውኃ ስፖርቶች ፌዴሬሽን ማስተርስ በሚለው ዘርፍ ከ25 ዓመት ጀምሮ ያሉ ዋናተኞች በየአምስት ዓመት ምድብ ይወዳደራሉ፦ ከ25 እስከ 29፣ ከ30 እስከ 34 እያለ ይቀጥላል። ዕድሜ የሚቆጠረው በውድድሩ ዓመት ዲሴምበር 31 በሚኖራችሁ ነው። እኔ ባልወዳደርም ይህን አከፋፈል ለደብተሬ ተውሼዋለሁ። አዲስ ምድብ ስገባ አዲስ ገጽ እከፍታለሁ፣ የመጀመሪያው ሰዓት የዚያ ምድብ ምርጥ ሰዓቴ ይሆናል።

«ዛሬ ስለቻልኩ ይሄን ሳምንት ልቅር» የሚለውን ሽልማት ተዉት። ሽልማታችሁ ከገንዳው መራቅ ከሆነ ገንዳው እንደ ቅጣት መታየት ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ ለአንድ ሰው ንገሩ

ለማይዋኝ ሰው «በ100 ሜትር 3 ደቂቃ ገባሁ» ማለት ምንም አይነግረውም። በፊትና አሁን አድርጋችሁ ንገሩት፦ «ከሦስት ወር በፊት መሀል ላይ ቆሜ ገመዱን እይዝ ነበር። ዛሬ አራት ጊዜ ሳልቆም ሄድኩ።» ይሄ ይገባዋል። «እንኳን ደስ ያለህ» ሲላችሁ «ኧረ ምን አደረግኩ» አትበሉ። አመሰግናለሁ በሉና ዝም በሉ።

ደረጃ 7፦ አቅማችሁ ሲወርድ አዲስ መነሻ ጻፉ

ከሕመም፣ ከወሊድ ወይም ከረጅም መንገድ በኋላ ሰዓታችሁ ይረዝማል። የድሮውን ምርጥ አትሰርዙት፣ በየቀኑም አትመልከቱት። «ከዕረፍት በኋላ» ብላችሁ ደረጃ 1ን እንደገና ጀምሩ፣ ከዚያ ገጽ ጋር ብቻ ተነጻጸሩ።

ደረጃ 8፦ ሦስቴ እስክትደግሙት ግቡን አታሳድጉ

የመጀመሪያው ዕድል ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው የእናንተ ነው። በዚያው ቀን ማታ ቀጣዩን ቁጥር የሚጽፍ ሰው የያዘውን ሳያየው ያልፈዋል።

ማስጠንቀቂያ

- በውኃ ሥር ትንፋሽ ይዞ በመሄድ አታክብሩ፣ አትፎካከሩም። በተለይ ከመጥለቅ በፊት ቶሎ ቶሎ በረጅሙ መተንፈስ አደገኛ ነው። ተንፍስ ተንፍስ የሚያሰኘው በዋናነት በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሱ እሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ኦክስጅን ሲያልቅ ምንም ምልክት ሳይሰማችሁ ራሳችሁን ትስታላችሁ። ጎበዝ ዋናተኞችም በዚህ ሞተዋል።
- ለፎቶ ብላችሁ ጥልቀቱን በማታውቁት ቦታ በጭንቅላት አትዝለሉ። አንገት ይሰበራል።
- መጠጥ ካለ ከዋና በኋላ ይሁን፣ ወደ ውኃም አትመለሱ።
- እግር ወደማይደርስበት መጀመሪያ ስትሄዱ ነፍስ አድን ሠራተኛው ይወቅ። ጠርዙን ተከትላችሁ ሂዱ፣ መሀሉ ይቆያችሁ።
- መለኪያ ላይ ደረት ከተጫናችሁ፣ ካዞራችሁ ወይም ትከሻ ከወጋችሁ አቁሙ። የልብ ችግር ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በሙሉ ኃይል አይለካ።
- ፎቶ ስትነሱ ከኋላችሁ ማን እንዳለ እዩ። በዋና ልብስ ያለ ሰው ሳይፈቅድ ፎቶ ውስጥ መግባት የለበትም። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ስልክ ጨርሶ አይወጣም።

የተለመዱ ስህተቶች

*መጀመሪያውን መሮጥ።* በ400 ሜትር መለኪያ የመጀመሪያዎቹ አራት ጉዞዎች ቀላል ሊሰማችሁ ይገባል። ከከበዳችሁ ፈጥናችኋል፣ መጨረሻው ላይ ትከፍሉታላችሁ።

*ቁጥር መሳት።* 16 ጉዞ መቁጠር ቀላል ይመስላል፣ 9ኛው ላይ «8 ነበር ወይስ 9?» ይመጣል። ሰው ከሌለ በምልልስ ቁጠሩ፣ 8 ብቻ ይሆናል። ከተጠራጠራችሁ አንሳችሁ ያዙ።

*ሰዓትን ማመን።* የእጅ ሰዓት ጉዞ የሚቆጥረው ከእጅ እንቅስቃሴና ከመዞር ተነስቶ ነው። መሀል ላይ ቆማችሁ መነጽር ካስተካከላችሁ አንድ ሊጨምር ይችላል። በእጅ የሚያዝ ተንሳፋፊ ሰሌዳ ይዛችሁ እግር ብቻ ስትመቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይቆጥርም። ለመለኪያ ቀን ሰው ይሻላል።

*መጥፎውን ገጽ መቅደድ።* ቅድም ያነሳኋቸው ሴት አንዴ ያን የመጀመሪያ ገጽ ሊቀድዱት ፈልገው ነበር። «ሰው ቢያየው ያሳፍራል» አሉ። አልቀደዱትም። 400 ሜትር የጨረሱ ዕለት ከሥሩ አንድ መስመር ጨመሩበት፦ «16 ጉዞ። ጠርዝ አልያዝኩም።»